ሳያመኝ የወለቀው ጥፍሬ

ፈሪ መሆኔን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ከዚያ በፊት ራሴን ከደፋሮች ወገን እቆጥር ነበር፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝና። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎኝ ያውቃል። አፋር በረሃ ውስጥ ጎማ ልቀይር ስወርድ ከመኪናዬ ሥር ጅብ ተኝቶ አግኝቻለሁ፤ ጅቡም እኔም ተከባብረን ተለያይተናል። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ልቤ እንደ ሰው ልብ ነበር የምትመታው። እንደ ጫጩት ልብ መምታት የጀመረችው ጥፍሬን ያየሁ ቀን ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተስ ጥፍራችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? አሁን እያያችሁት እንደሆነ አውቃለሁ። ተዉት፣ ምንም የለበትም። ሰው ጥፍሩን የሚያስታውሰው ሲቆርጠው ነው፤ ያን ጊዜም የሚያየው የሚጣለውን እንጂ የሚቀረውን አይደለም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ቃሊቲ ካለ አንድ መጋዘን ሲሚንቶ ጭኜ ሸራውን ሳስር ገመዱ የቀኝ አውራ ጣቴን ነካ አደረገው። ጥፍሬ ተነቃነቀ። እንደ ልጅ ጥርስ ማለት ነው፤ ወዲህ ሲሉት ወዲህ፣ ወዲያ ሲሉት ወዲያ። ጠጋ ብዬ ሳየው ከሥሩ ተነስቷል፤ ነፋስ እንደገለበጠው የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፉ ቆሟል። ሌሎቹን ጣቶቼን ብመለከት ሌባ ጣቴም የቀለበት ጣቴም ጥፍር ላይ አግድም መስመር ተሰምሮ፣ እነሱም ሊነሱ እየተሰናዱ ነው።

አላመመኝም። ጉዱ ይኸው ነው። ያመመው ሰው ያቃስታል፣ ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ይገላገላል። አካሉ ሳያመው የሚለቅ ሰው ግን ምን ያድርግ? መኪናውን ገጣጥሜ ሠራሁ ብሎ ሲጨርስ አንድ ብሎን በእጁ ላይ እንደተረፈ መካኒክ ሆንኩ። የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተፈቷል፤ የት እንደሆነ ግን አይታወቅም።

የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ባለቤቴ ሃያት ከሕንፃው ምድር ቤት ሻርፕና ሒጃብ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት፤ ሰልማ የምትባል ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለችን። ከእኛ ዝቅ ብሎ ጋሽ ጌታቸው ይኖራሉ። ጋሽ ጌታቸው የባቡር ጡረተኛ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ባቡር ይጠግኑ ነበር፤ ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ደግሞ ሰው ይጠግናሉ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ወንበር አውጥተው፣ ሬዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ሲሞቁ ያላማከራቸው ጎረቤት የለም። እኔም የዚያን ዕለት ስመለስ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ጋሽ ጌታቸው፣ ጥፍር እንዲያው ዝም ብሎ ይለቃል?»

«የማን ጥፍር?»

«የአንድ ጓደኛዬ።»

ሬዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉት። ጋሽ ጌታቸው ሬዲዮ ዝቅ ካደረጉ ነገሩ ከባድ ነው።

«ዝም ብሎ የሚለቅ ነገር የለም፣ ልጄ። ድሬዳዋ ሳለሁ አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረን፤ ጥፍሩ እንዲህ ለቀቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀበርነው።»

«በምን ምክንያት ሞተ?»

«ጥፍሩ ለቀቀ እያልኩህ» አሉ፣ ነገር አይገባውም በሚል ዓይን እያዩኝ። «ለማንኛውም ጓደኛህን ደምህን ተመርመር በለው። ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ምልክት የሚሰጠው በጥፍር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እጁንም ቢሆን ባትጨብጠው ይሻላል።»

ሰውዬው የሞተው ጡረታ ወጥቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ በእርጅና እንደሆነ የነገሩኝ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ቀሪዎቹን ደረጃዎች የወጣሁት የራሴን ቀብር እየሸኘሁ ነበር።

ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። ምነው ባላወጣሁት። «ጥፍር» ብዬ ስጽፍ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ብቅ አለና ቢጫ ጥፍር ካላችሁ የጉበት ቫይረስ ሊሆን ይችላል አለኝ። ጥፍሬን አየሁት፤ ቢጫ ነው። ነጭ ከሆነ ሌላ በሽታ ነው አለ፤ ደግሜ ሳየው ነጭ ነው። መስመር ካለው፣ ከሥሩ ከተነሳ፣ ኤች አይ ቪም ሊሆን ስለሚችል ችላ አትበሉ አለኝ፤ መስመሩም አለ፣ መነሳቱም አለ። አንዱን ቪዲዮ ስጨርስ ስልኬ ሳልጠይቀው ሌላ ያቀርብልኛል። ከእኔ ይልቅ ስለ ሞቴ የሚጨነቀው እሱ ሆነ።

ፍርሃት መርማሪ ፖሊስ ነው። ያለፈ ሕይወታችሁን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራ ያስቀርባል። ሚሌ ከተማ ጢሜን ሲላጨኝ አገጬን የቆረጠኝ ፀጉር አስተካካይ ቀረበ። ምላጩ አዲስ ነበር? ወረቀቱን ሲቀድ አይቻለሁ? አላየሁም። ሎጊያ ጥርሴን የነቀለልኝ ሰውዬ ቀረበ። ጉጠቱን ቀቅሎታል? ወባ ይዞኝ መርፌ የወጋችኝ ነርስ እንኳ፣ እንደዚያ የመረቅኋት ሴትዮ፣ ተጠርጥራ ቆመች። ሁሉም ዝም አሉኝ።

ስለ ራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደምንም እችለው ነበር። ግን ሃያት አለች። ሰልማ አለች። ሰልማ የእኔን ብርጭቆ ካልሆነ ውሃ አትጠጣም፤ የእኔን ጣት ሳትይዝ አትተኛም። ይህንን ሳስብ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ማንንም ሳልጎዳ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ራሴን ከቤተሰቤ ትንሽ ትንሽ ልለይ ብዬ ወሰንኩ።

ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ካሉት፣ ጠያቂዎች ስንቅ ከሚገዙባቸው ሱቆች ከአንዱ ጥቁር የሹራብ ጓንት ገዛሁ። መሪው ይበርደኛል አልኩ። የራሴን ብርጭቆ ለየሁ። የራሴን ፎጣ ለየሁ። ወገቤን አሞኛል ብዬ ሶፋ ላይ መተኛት ጀመርኩ። ምሳ ሲቀርብ እንጀራውን በማንኪያ መብላት ጀመርኩ። እንጀራ በማንኪያ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ማንኪያው ይቆርጠዋል እንጂ አይጠቀልለውም፤ ወጡ ወዲያ ይሸሻል፣ እንጀራው ወዲህ ይቀራል፣ ሰውም ያያችኋል። ሰልማ በሳቅ ሞተች። ሃያት ግን አልሳቀችም።

ያስፈራኝም ይኸው ነበር። ሃያት የምትጠይቅ ሴት ናት። ካልሲ ገልብጬ ብገባ ከየት እንደመጣሁ ትጠይቃለች። አሁን ባሏ በቤት ውስጥ ጓንት አድርጎ እንጀራ በማንኪያ እየበላ፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። ጭራሽ እሷም ብርጭቆዋን ለየች። ሰማያዊ ምልክት ያለበትን ወስዳ ብቻውን መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ታጎርሰኝ ከነበረችው ሴት ጉርሻ ቀረ፤ እኔም አላጎረስኳትም። ከዚያ አንድ ቀን ከሱቅ ስትመጣ እጇን እስከ ጣቶቿ ጫፍ ጥቁር ሂና ተቀብታ ገባች። ዒድ የለ፣ የዘመድ ሠርግ የለ። ማን ሊዳር ነው ብዬ ልጠይቅ አልኩና ተውኩት፤ ምናልባት የራሷ ሠርግ ቢሆንስ?

አውቃለች አልኩ በልቤ። አውቃ ተጸይፋኛለች። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ እኔንና ሃያትን ሥጋና ጥፍር ይለን ነበር። እኔም ሥጋና ጥፍር ምን ያህል እንደሚዛመዱ በዚያ ሰሞን በየቀኑ አውራ ጣቴ ላይ እያየሁ ነበር።

አንድ ቀን ቃሊቲ ሳለሁ የቀትሩ የዙሁር ሰላት ደረሰ። መስጊድ ገብቼ ጓንቴን አወለቅሁና ውዱእ ማድረግ ጀመርኩ። እጄን ሳሽ አንድ ነገር ጠብ አለ። ቀና ብዬ ሳይ አጠገቤ እግራቸውን ያጥቡ የነበሩ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ከቦዩ ጠርዝ ላይ የሆነ ነገር አነሱ፤ ወደ ብርሃኑ አቅርበው አገላበጡት።

«ወንድሜ፣ ይህ ያንተ ነው?»

«አይደለም» አልኳቸው።

እሳቸውም እኔም እኩል አውራ ጣቴን አየነው። ጥፍር አልነበረበትም። ሽማግሌው የጠፋ ዕቃ እንደሚመልስ ሰው በጨዋ ደንብ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «አላህ ያሽርህ» አሉ። ከዚያ ተነስተው እስከ መጨረሻው ቧንቧ ሄዱና ውዱአቸውን ከሥሩ እንደገና ጀመሩ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ከራሴ ራቅ ብዬ የምታጠብበት ቧንቧ ቢኖር እሄድ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ያን ዕለት ሱጁድ ወርጄ ይህን ተረት ነበር የማስበው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ልመረመር ወሰንኩ። የት? ገላን አይሆንም፤ እዚያ ካርድ የምታወጣው ልጅ የሃያት ደንበኛ ናት። አቃቂም ቃሊቲም ዘመድ ሞልቷል። ሳሪስ አቦ አካባቢ አንድ የግል ክሊኒክ አለ፤ ማንም አያውቀኝም። በማግስቱ ጠዋት ለሃያት ጭነት አለብኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቃሊቲ ነኝ አልኳት። እሷም ሱቁን ዘግታ አቃቂ እህቷ ጋ ልትውል እንደሆነ ነገረችኝ። ሰልማን የሕፃናት ማቆያ አደረስናትና በየፊናችን ሄድን።

ክሊኒኩ ገብቼ ተራዬን ያዝኩ። ኮፍያዬን ዝቅ፣ የአፍ መሸፈኛዬን ከፍ አድርጌ፣ የወለሉን ሸክላ እያየሁ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል ያደረገች ሴት ተቀምጣለች፤ ይህችም እንደኔ ጭንቅ አለባት ብዬ አዘንኩላት። ወለሉን ሳይ ጫማዋን አየሁት። ቡናማ ነው፤ ማሰሪያው ላይ የቢራቢሮ ቅርጽ አለው። ያን ጫማ አውቀዋለሁ። የገዛሁት እኔ ነኝ።

«ሃያት?»

ቀስ ብላ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አንተ ቃሊቲ አይደለህም እንዴ?»

«አንቺስ እህትሽ ጋ አይደለሽም?»



«ምን ሆነህ ነው የመጣኸው?» አለች።

«አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔ ቀድሜ ጠየቅሁ።»

ጓንቴን አወለቅሁና እጄን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። አየችው። ከዚያ ከሻርፗ ሥር የራሷን እጅ አውጥታ ከእጄ ጎን አኖረችው። ከጥቁሩ ሂና ሥር የመሃል ጣቷና የትንሿ ጣቷ ጥፍር የለም፤ ሌባ ጣቷ ላይ ያለው ደግሞ እንደኔው ከሥሩ ተነስቶ ቆሟል። ሂናው ለሠርግ አልነበረም።

ካሰብኩት ሁሉ የከፋው ይህ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራሁት ስለ ራሴ ነው፤ ነገሩ ግን ወደ እሷ ተሻግሯል።

«ከእኔ ነው የያዘሽ» አልኳት። «ሚሌ አንድ ፀጉር አስተካካይ ቆርጦኝ ነበር።»

«አይደለም። ከእኔ ነው አንተን የያዘህ። ሰልማን ስወልድ ደም ሰጥተውኝ የለ?»

«የሆስፒታል ደም ተመርምሮ ነው የሚሰጠው።»

«የፀጉር አስተካካይ ምላጭም አዲስ ነው የሚሆነው።»

«እኔ ነኝ እኮ የምልሽ።»

«እኔ ነኝ አልኩህ።»

ከፊታችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዘወር አሉ። «ልጆቼ፣ በሽታም ይሻሙበታል?» አሉ። ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም አንድ ነገር ያሰብነው። ሃያት እጄን ጨብጣ ያዘችኝ።

«ሰልማስ?» አለች።

የሰልማን ጥፍሮች አንድ በአንድ ላስታውስ ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ተራችን ሲደርስ አብረን ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የአራቱን እጆቻችንን ጥፍሮች በትንሽ ባትሪ አየቻቸው። ቤት ውስጥ ልጅ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አለች አልን። ባለፈው ወር ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ታማ ነበር? ሃያት ቀድማ ተናገረች፤ ትኩሳት ነበራት፣ አፏ ውስጥና መዳፏ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቶባት ምግብ አልበላ ብላ ነበር፤ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ አሽተንላት በሳምንቱ ዳነች። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች።

«ቫይረስ ነው» አለች።

ልክ በዚያች ሰዓት በሩ ተንኳኳና ነርሷ ገባች፤ ሐኪሟ «አንድ ጊዜ» ብላን ወጣች። እናንተ ሆዬ፣ ሰው ይህን ቃል ተናግሮ ይወጣል? ክፍሉ ውስጥ እኔ፣ ሃያትና ቃሉ ቀረን። ሃያት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጉበት ሥዕል ታያለች፤ እኔ ሰልማን ማን ያሳድጋታል የሚለውን አስባለሁ። የሃያት እህት ደግ ናት፤ ግን የራሷ ልጆች አሏት። የእኔ እናት ኮምቦልቻ ነች፤ እድሜዋ ገፍቷል። ሐኪሟ እስክትመለስ ልጄን ለዘመድ ሁሉ አዳርሼ መልሼ ወስጃታለሁ።

ተመልሳ ተቀመጠችና ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለች። ልጆች በማቆያ እርስ በርስ የሚያስተላልፉት ቫይረስ ነው አለች፤ እጅ፣ እግርና አፍ ላይ ያወጣል፣ በራሱ ጊዜ ይድናል። አንዳንድ ጊዜ ወላጅንም ይይዛል።

«እናንተስ ያኔ ጉሮሮ አላመማችሁም? እጃችሁ ላይ ምንም አልወጣም?»

ወጥቶ ነበር። እኔ የሲሚንቶ ነው ብዬ ቫዝሊን ቀብቼዋለሁ። ሃያት የልብስ ሳሙና ነው ብላ ሳሙና ለውጣለች።

«ስትታመሙ ጥፍሩ ማደጉን ለጊዜው አቆመ። አሁን አዲሱ ከሥር ሲመጣ አሮጌውን እየገፋ ይጥለዋል። በሽታው ካለፈ ቆይቷል፤ ጥፍሩ ነው ዘግይቶ የነገራችሁ። መልሶ ይበቅላል።»

«ኤች አይ ቪስ? ጉበትስ?» አልኳት።

«እሱ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ጥፍር ብቻ አይቶ እንዲህ ነው የሚል ሰው አትመኑ። ፍርሃቱ ካለቀቃችሁ ግን ተመርመሩ፤ ጥሩ ነው።»

አለቀቀንም። ተመረመርን። ውጤት ስንጠብቅ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የላቦራቶሪው በር በተከፈተ ቁጥር የሃያት ጣቶች እጄን ይጨምቁታል፤ የቀሩኝን ጥፍሮችም የምትነቅላቸው መሰለኝ። በመጨረሻ ጠርተው ሁለታችሁም ነፃ ናችሁ አሉን። ሃያት «አልሐምዱሊላህ» አለችና ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔም አላለቀስኩም ብል ትዋሻለህ የምትለኝ እሷ ናት።

ስንወጣ ገና ቀን ነው። ሰልማን የምናመጣበት ሰዓት አልደረሰም። እኔ ቃሊቲ ነኝ፣ እሷ አቃቂ ናት፤ ስለዚህ ሳሪስ ላይ የሚፈልገን ሰው የለም። ሰልማ ከተወለደች ወዲህ ብቻችንን የትም ተቀምጠን አናውቅም። አንድ ጭማቂ ቤት ገባንና ስፕሪስ አዘዝን፤ የማንኪያውን ምክንያትና የመስጊዱን ሽማግሌ ነገርኳት፤ ጭማቂው በአፍንጫዋ እስኪወጣ ሳቀች። በዚያች ሰዓት ዝም ብል ኖሮ ወጌ እዚሁ በደህና ያልቅ ነበር።

«እስቲ ንገረኝ» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ውጤቱ የፈራኸው ቢሆን ኖሮ ምን ልታደርግ ነበር?»

ብልህ ባል እዚህ ላይ ጭማቂውን ይጠጣል።

«እኔማ አስቤበት ነበር» አልኳት፣ እንዲያውም በኩራት። «ሎጊያ ቤት እከራያለሁ። ሥራዬን በዚያ መስመር አደርጋለሁ። ለእናንተ እየላክሁ፣ ስልኩን ግን ቀስ በቀስ እየቀነስኩ...»

«እየቀነስክ?»

«እንድትረሱኝ። እንዳትጎዱ ብዬ ነው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ሲወርድ ታየኝ።

«የእኔን ልንገርህ?» አለች። «ውጤቴን ይዤ ቤት እገባለሁ፣ አስቀምጥሃለሁ፣ እነግርሃለሁ ነበር ያልኩት። ብትጮህ ትጮሃለህ፤ ብትሄድም ሰምተህ ትሄዳለህ። አንተ ግን ሳትነግረኝ ልትሄድ ነበር።»

«ሃያት፣ ለእናንተ ብዬ እኮ...»

«ሰልማ አባቴ የት ሄደ ስትለኝ ምን ልላት? ጥፍሩ ወልቆ ሄደ?»

ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ከኋላዋ ስወጣ መንገዱን ተሻግራ የቃሊቲ ታክሲ ተራ ላይ ቆማለች። ቀርቤ ሳናግራት ራሷን ወደ ሌላ አዞረች። ጅብም፣ ፍሬንም፣ ቫይረስም አይቻለሁ፤ የሃያትን ዝምታ ያህል የሚያስፈራ ነገር ግን አላየሁም። የቫይረሱን ነገር ሐኪሟ አረጋገጠችልኝ፤ ይህንን የሚያረጋግጥልኝ ማነው? ይህቺ ሴት ቤት ገብታ ልብሷን ብትሰበስብስ? ዘመድ ሁሉ እውነቷን ነው ቢላትስ?

ታክሲው መጣ። እሷ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ እኔ ውረድ እንዳትለኝ እየፈራሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አላለችኝም። ሌላም ነገር አላለችኝም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ሳለ የሳሪስ ሱቆች አለፉ፣ መጋዘኖቹ አለፉ። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈት አድርጌ ደጋግሜ ዘጋሁት። ቃሊቲ ልንደርስ ስንቃረብ ረዳቷ፣ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ከፊት ጀምራ ሒሳብ እየሰበሰበች እኛ ጋ ደረሰች። እኔን አየችኝ፤ ሃያትን አየቻት፤ የሁለታችንን ፊት አይታ ሊገባት አልቻለም።

«አንድ ላይ ናችሁ?» አለች።

ለመመለስ ፈራሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩ ቀረሁ።

ሃያት ፊቷን ከመስኮቱ ሳታዞር «አንድ ላይ ነን» አለች።